በእጄ ውስጥ የነጣው ውሃ

ይድረስ ለምወድዎ የባለቤቴ እናት፤

እማማ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ይዞዎታል? የኒጋታ በረዶ ዘንድሮ ጣራ ሊደርስ ነው ሲሉ በዜና ሰማሁ። አደራዎን፣ አካፋ ይዘው ጣራ ላይ እንዳይወጡ፤ ጎረቤት ምን ሊሠራ ነው! እኛ ኪዮቶ ያለነው ደህና ነን። ልጅዎ ዮሄይም እንደ ልማዱ ካልሲውን በየጥጉ እየጣለ ደህና ነው። እኔ ግን የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል። ቢሆንም ዮሄይ አስምሎኛልና የምጽፍልዎ ስለ ሥራዬ ብቻ ነው።

ያኔ «እዚያ ቤተ ሙከራ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠሪያለሽ?» ቢሉኝ «ውሃ አያለሁ» ብዬ አሳቅኩዎት። እውነቴን እኮ ነው! ፖሊመር የሚባል፣ ዓይን የማያየው ረጅም ክር አለን። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይሟሟል፤ ውሃውም ኩልል ይላል። ሙቀቱ ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ሲያልፍ ግን ክሩ ውሃውን ይለቅና እርስ በርሱ ይጠቀለላል፤ ውሃው ወተት ይመስላል። ሲያቀዘቅዙት መልሶ ይጠራል። ስኳር በሙቅ ይሟሟል፤ ይሄ ግትር ግን በተቃራኒው ነው።

ሌላው ሰው ብልቃጡን ጨበጥ ሲያደርገው በእጁ ሙቀት ይነጣል። በእኔ እጅ ነጥቶ አያውቅም። እጄ በረዶ መሆኑን እርስዎም ያውቁታል። ስለዚህ ናሙናውን ከማቀዝቀዣ ወደ መለኪያው የማደርሰው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ሙካይ የሚባለው ቀልደኛ ባልደረባዬ «ማቀዝቀዣዋ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!» ይላል። ከሰው ጋር እስቃለሁ። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅ ስንጠብቅ፣ «ሰውነቷ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው» ሲባል እየሰማሁ፣ ያ ቀልድ ቤቴ ድረስ ይከተለኝ ነበር። ሐኪም ቤት መመላለሱንም ካቻምና ሰልችቶን ተውነው። በየብርዱ ወራት የሚልኩልኝን ዝንጅብልና የሱፍ መቀነት፣ ይቅር ይበሉኝ፣ «እሳቸውም እንደ ሰው ይነቅፉኛል» ብዬ ተቀይሜ መሳቢያ ውስጥ እወረውረው ነበር።

ባለፈው ሰኞ በየእጄ አንድ አንድ ብልቃጥ ይዤ ኮሪደሩን ሳቋርጥ ሁለቱም ነጡ። ክው አልኩ። ጨው ከገባበት ቀደም ብሎ ይነጣልና «ሙካይ! በምን ውሃ ነው የበጠበጥከው?» ብዬ ጮህኩበት። ምስኪኑ «ኧረ እናቴ ትሙት፣ በንጹሁ ነው!» ቢል ማን ሰምቶት። ቀኑን ሙሉ እንደ አዲስ አሠራሁት። በማግስቱ አዲሱን ጨበጥኩት፤ ነጣ። መለኪያው ውስጥ ስንከተው ግን የሚነጣው ልክ በሠላሳ ሁለት ዲግሪ ነው፤ ንቅንቅ የለም። ፖሊመሩ ደህና፣ ውሃው ደህና። ታዲያ ምኑ ነው የተለወጠው?

አራት የወለዱት አንጋፋዋ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ፣ ወይዘሮ ሂራኖ፣ ሲያዩን ቆዩና መጥተው እጄን ገለበጡት። መዳፌ ቀልቷል፤ ይሞቃልም። «አንቺ ልጅ፣ ውሃውን ተይውና ራስሽን ተመርመሪ» አሉኝ። ከዚያ በጆሮዬ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ቀን ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ወይ ጉዴ! እዚያው ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። ሙካይን እያለቀስኩ ይቅርታ ስጠይቀው፣ ምን እንደነካኝ ግራ ገብቶት ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ሆነ።

ሐሙስ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟም ከወይዘሮ ሂራኖ የተለየ ነገር አልተናገሩም። ዮሄይ ባቡሩ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አለቀሰ። ቤት ስንገባ «አምስተኛው ወር ሳይገባ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ለእናቴም ቢሆን። ነገሩ ካልጸና ልቧ ይሰበራል» ብሎ አስማለኝ።

ማልኩ። ግን እሱን ከማግኘትዎ በፊት እርስዎ ራስዎ ዘጠኝ ዓመት እንደጠበቁ የነገረኝ ያን ዕለት ማታ ነው። ዘጠኝ ዓመት! እኔ ሞኟ፣ ዝንጅብሉን ነቀፋ አድርጌ ቆጥሬው ነበር። አሁን ደስ ብሎኛል፣ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ፈርቻለሁም። ፍርሃቱን ከእርስዎ በቀር ለማን እነግራለሁ? ያን ሁሉ ዓመት እንዴት እንደቻሉት ስመጣ ይንገሩኝ።

በዚህ ወር መጨረሻ ለአዲስ ዓመት እንመጣለን። የበዓሉን ሩዝ ዘንድሮ ዮሄይ ይውቀጥ፤ እኔ ቁጭ ብዬ አዛለሁ። ጥሬ ዓሣ አያዘጋጁልኝ። እሱ ሲነግርዎት ደግሞ «ውይ! በሞትኩት!» ብለው ይደንግጡለት። እኔ እንደሆንኩ መሐላዬን አልበላሁም፤ የጻፍኩት ስለ ውሃ ነው።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ክንድዎንም ያበርታልኝ፤ ከነሐሴ ጀምሮ ሥራ ይበዛበታል።

እስከ ዛሬ «ምራትዎ» እያልኩ ስፈርም የኖርኩት፣
ልጅዎ