ፊልምህ ዝም ያለበት ቦታ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን

ልጄ፣ ዓይኔ፣ እንደምን ከርመሃል?

ሰባ ዘጠኝ ሞላኝ። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ይህንንም ራሴ ነው የምጽፈው። ፊደሌ ቢጣመም አንባቢው አንተ ነህ፣ ቻለው።

እሁድ ዕለት ታች ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ሲኒማ ቤት ወሰደችኝ። «አባባ፣ ልጅዎ ሙዚቃ የሠራለት ፊልም መጥቷል፤ ዛሬ እምቢ ቢሉ ተሸክሜ ነው የምወስድዎት» አለች። «እኔን ለመሸከም መጀመሪያ ራስሽ ወፍሪ» ብያት ሄድኩ።

መቼም ጉድ ነው። ሆቴል ቤት ጃዝ ስትነፋ «ይሄ ቱልቱላ ቤተሰብ ያስተዳድራል?» እልህ ነበር። አሁን ለዚያ ሁሉ ቫዮሊን ዜማ የምትጽፍ ሰው ሆነህ! ፊልሙ ላይ ባቡሩ ሲነሳ ሙዚቃህ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። «የእኔ ልጅ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ከኋላ አንዱ «ጋሼ፣ ይባረክልዎት፤ ግን እኛም እንስማው!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ከዚያ በፊልሙ ያለችው ልጅ እናቷ ሞተችባት። አሁን ሊያስለቅሰን ነው ብዬ መሀረቤን አወጣሁ። ቀብሩ ላይ ግን ምንም ሙዚቃ የለም። አፈሩ ሲወርድ ብቻ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ «ድምፁ ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ። አልተበላሸም አልኳት። ሌላ አልነገርኳትም።

እኔ እንደሆነ ዛሬም የምለው ያንኑ ነው፤ መቃብር ጭፈራ ቤት አይደለም። የእናትህ ቀብር ላይ ሳክስፎኑን ከሳጥኑ ስታወጣ ሰው ሁሉ ያየን ነበር። «መልሰው» አልኩህ፣ መለስከው። እናትህ ደግሞ ድሮ አንተ ስትለማመድ ሥራዋን ጥላ በርህ ላይ ትቆም ነበር፤ አንተ አላየሃትም፣ እኔ ነኝ ያየኋት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሳክስፎኑን አፍህ ላይ አድርገኸው እንደማታውቅ በባንድህ የነበረው ከበሮ መቺ ነገረኝ። ኧረ እኔ ለቀብሩ ነው እንጂ ለዘላለም መቼ አልኩህ?

ጤና ይስጥህ፤ የጀመርከው ይቃናልህ፤ ከክፉ ቀን ይሰውርህ።

ለእኔ አታስብ። ከልብስ ሰፊዋ የተዋስኩትን መሰላል እኔው እመልሳለሁ። ከበሮ መቺህ ታሟል፣ መጠየቅ አለብኝ፤ በእግሬ እሄዳለሁ። የእናትህን መቃብር አጥር ቀለም እኔው እቀባለሁ። ለእናትህ ያለብኝ የዚያ ቀን ዕዳ ይቀራል። እሱን ብቻ ራሴ አልችለውም፤ መንፋት አላውቅም።

አባትህ