ማክሰኞም ቢሆን ትከተባለች

አክስቴ ቬታ፣

ኢሊንካን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ። የልጄን የክትባት ካርድ ከማርያም ሥዕል ጀርባ አገኘሁት። እንዴት እዚያ እንደገባ አልጠይቅም።

አዎ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው። «ማክሰኞ የተጀመረ ነገር አያምርም» እያሉ ሦስት ቀጠሮ አሳለፉብን። ነርሷ ደግሞ ሕፃናት የምትከትበው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው። የኩፍኙን ዓመት ሲሞላት መውሰድ ነበረባት፤ ይኸው አሥራ አራት ወሯ። ታችኛው ሰፈር ኩፍኝ ገብቷል። ቅዳሜ ገበያ መሀል ነርሷ፣ «አንተ ሕልመኛ፣ ኩፍኝ ቀን የሚመርጥ መሰለህ?» አለችኝ። የኢሊንካ እናትም ከጣሊያን እየደወለች ትጠይቀኛለች፤ ከእንግዲህ «ተከትባለች» ብዬ አልዋሻትም።

የባቄላው ሾርባ ምድጃው ላይ ነው፤ ጨው ይጎድለዋል።

ለክፉ ዓይን ብለው ያሰሩላትን ቀይ ክር አልፈታሁትም።

ትናንት የጮህኩብዎት…

እሱን ስመለስ። ስታለቅስ ደግሞ እንደ እርስዎ የሚያባብላት የለምና የትም እንዳይሄዱ።

የማክሰኞን ክፋት ሲቆጥሩ ግን አንድ ማክሰኞ ዘለዋል፤ ኢሊንካ የተወለደችበትን። ያን ቀን ከእርስዎ በላይ የጨፈረ አልነበረም።

ዶሪን