በርጩማዎችሽን ሰብስቢልኝ

እማዋይ፣

መጀመሪያ አቤቱታዬን ስሚኝ። ዛሬም ከበሩ ኋላ ያለው በርጩማሽ ቅልጥሜን መታኝ። ሙት ዓመትሽን ካወጣን ይኸው ክረምት ገባ፤ በርጩማዎችሽ ግን ንቅንቅ አላሉም። አንዱ በር ኋላ፣ አንዱ ኒም ዛፏ ሥር፣ አንዱ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ። ሰው እኮ ሲሄድ ዕቃውን ይሰበስባል! ሳቅሽ አይደል? እኔም ልስቅ ስል ወገቤ ያዘኝ።

ጥፋቱ የዚያ የአራሚው፣ የይኼነውም ነው። በየክረምቱ ለአረም ከጎጃም ወርዶ ዳሳችን ሥር ሲያድር ከማዕድሽ አትለይውም ነበር፤ እሱም አገሩ ሲመለስ አንድ በርጩማ ጠርቦ ትቶልሽ ይሄዳል። አምና መንገዱ ተዘግቶ አልመጣም። ማረፍሽን የሚነግርልኝ ሰውም አላገኘሁም።

ቤቱ እንደተውሽው ነው። ዝናብ ሲወርድ ቆርቆሮው ከራሴ ጋር እንኳ አያነጋግረኝም። ፍየልሽ ወልዳለች፤ ግልገሏ እንዳንቺ ግትር ናት። የተለወጠው ወገቤ ነው። ትራክተር ላይ ያረጀው ወገቤ አንቺ ስታወሪ ዝም ይል ነበር፤ አሁን ቤቱ ጭር ሲል እሱ ይናገራል።

ገንዳ ውሃ ከተማ ሐኪም ቤት ሄጄ ታየሁ። ባለሙያዋ ወጣት ናት። ራጁን አይታ የተሰበረ ነገር የለም ስትለኝ፣ ታዲያ ላስመስል ነው የመጣሁት ብዬ ተቆጣሁ። እሷ ግን ሕመሙ እውነት ነው አለችኝ። ጉዳቱ ከዳነ በኋላም ነርቩ ይጮሃል፤ ጅቡ ከሄደ በኋላ ሲጮህ እንደሚያድር ውሻ ነው። በዱላ አይቆምም፣ ቀስ እያሉ ያለማምዱታል። «አባቴ፣ ተኝተው አይዋሉ፤ ደህና በሆኑበት ቀንም ሥራውን ሁሉ አይጨርሱ። ሳያምዎት ይረፉ» አለችኝ።

ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ጉልበትሽ እያመመሽ የግቢውን እኩሌታ ጠርገሽ ቁጭ፣ ደግሞ እኩሌታውን ጠርገሽ ቁጭ ትይ ነበር። «ከማድቤት እስከ በር ሦስት ፌርማታ!» እያልኩ ስስቅብሽ፣ «ሂሳብ ክፈልና ውረድ» ትይኛለሽ። እኔ የሰሊጥ ሰው ነኝ። የደረሰ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ በጊዜው ካላነሱት ይረግፋል። ወገቤንም እንደ ሰሊጥ ያዝኩት። ደህና ያደርኩ ዕለት ውሃውን፣ እንጨቱን፣ አጥሩን አንድ ላይ እጨርስና ሳምንቱን ተጋድሜ እሰነብታለሁ። ወገብ ግን ሰሊጥ አይደለም፤ የነገውን ለነገ ቢተዉለት አይረግፍም። አንቺ ይህን ማንም ሳይነግርሽ ታውቂው ነበር።

አሁን በፌርማታዎችሽ እወርዳለሁ። እኩሌታውን እጠርጋለሁ፣ አርፋለሁ፣ ደግሞ እኩሌታውን። ሕመሙ አልሄደም፤ ጩኸቱ ግን ቀንሷል። የከፋብኝ፣ ስቀመጥ የሚስቅብኝ ሰው ማጣቴ ነው።

ባለሙያዋ ሌላም መክራኝ ነበር። በርዎን አይዝጉ፣ ሰው ይግባብዎት፣ ብቸኝነት ውሻውን ያስጮኸዋል አለችኝ። ይሄኛውን አልፈጸምኩትም። ጎረቤት ሲያንኳኳ የተኛሁ መስዬ ዝም እላለሁ። እንዴት ነህ ሲሉኝ ደህና ብል ውሸት ነው፤ አመመኝ ብል ደግሞ ትናንትም ያልኩት እሱን ነው። አንቺ አትጠይቂኝም ነበር። አረማመዴን አይተሽ በርጩማውን በእግርሽ ወደ እኔ ገፋ ታደርጊዋለሽ፤ በቃ።

እንዳልረሳሽ ቃል ልገባልሽ ነበር። ቅልጥሜ እንዲህ እየቆሰለ ግን ምን ቃል ያስፈልጋል? በተቀመጥኩ ቁጥር አስብሻለሁ፤ መቀመጥ ደግሞ አብዝቻለሁ።

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ። ዝም ልል ነበር።

«ቤቶች! እትዬ እማዋይ! እኔ ነኝ፣ ይኼነው!»

በመስኮቱ ይታየኛል። ዝናቡ አብስብሶታል። ትከሻው ላይ አዲስ በርጩማ ተሸክሟል፤ ከቀድሞዎቹ ከፍ ይላል፣ ለጉልበትሽ አስቦ መሆን አለበት። አሁንም ስምሽን እየጠራ ነው።

ይህን ሰው የተኛሁ መስዬ አላሳልፈውም። አንቺ ስትነሺ እንዳየሁሽ፣ እጄን ጭኔ ላይ ተደግፌ ቀስ ብዬ ልነሳ። በሩን ልክፈትለት። በር ኋላ ያለውን በርጩማ በእግሬ ገፋ ላድርግለት። መጀመሪያ ይቀመጥ፤ ከዚያ እነግረዋለሁ።