ወደ ፏፏቴው የሚወስደው የታችኛው መንገድ

ጥቅምት 6

ክሊኒኩ ሞልቶ ዋለ። አንድ ግዙፍ ሰውዬ መርፌውን ገና ሲያይ እጄን ጨምቆ ያዘኝ። ጣቶቼ እስካሁን ይጠዘጥዙኛል። ዶክተሩ ሳቀብኝ። «የጥርስ ሐኪም ረዳት ዋና ሥራዋ እጇን ማዋስ ነው» አለኝ።

ስወጣ መሐንዲሱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እጮኛዬን እንዲህ ብላ የሰየመችው እህቴ ናት። ፊት ለፊቱ ግን «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች፣ አሽሟጣጭ!

ከሠርጉ በፊት ተራራው ላይ ያለውን ደን እንይ አለኝ። ጉሬዛ፣ ፏፏቴ፣ ጉም... ማረፊያውን ይዞ፣ መኪናውን አዘጋጅቶ ጨርሷል። ሳይጠይቀኝ። ደስ አለኝ መሰለኝ። ታዲያ ምን ያስፈራኛል? እንግዲህ እኔ ነኝ፣ ሊፍትም እፈራለሁ።

ጥቅምት 9

እህቴ የጎማ ቦቷን አዋሰችኝ። «አልቅት እንዳይመጥሽ።» እኔን የሚያስፈራኝ ነብር ነው አልኳት። «ውይ፣ ነብሩ ምስኪን! አንቺ ስትጮኺ ደንግጦ ገደል ይገባል።»

እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ ሹራብ በሹራብ ላይ ትጠቀጥቃለች። እያንጎራጎረች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትሆን አላየኋትም። ይሄ ሠርግ እሷን ነው ያሻራት።

ጥቅምት 11

ደረስን። መንገዱ ጥምዝምዝ፣ በአንድ በኩል ገደል። ቀስ በል ባልኩት ቁጥር ጨመረ። «ስትፈሪ እኮ ታምሪያለሽ» አለኝ። አሁን ስጽፈው ሌላ ነገር ይመስላል... ያኔ ሳቅኩ።

ማረፊያው ከእንጨት የተሠራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ብርድ ልብሱ ረጥቦ የደረቀ ይሸታል። የእሱና የእኔ ክፍል ጎን ለጎን ነው፤ ግድግዳው ስስ ሳንቃ። አብረውን የሚጎበኙት ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት መምህራን ብቻ ናቸው።

አስጎብኚዋ ቀጭን ሴት ናት፤ ድምጿ ግን የሦስት ሰው። ለእያንዳንዳችን ፊሽካ ሰጠችን። «ጉም ሲወርድ ዓይን አይሠራም። ከተለያየን ባላችሁበት ቁሙና ንፉ።» ወደ ፏፏቴው የሚወስደው የታችኛው መንገድም ተዘግቷል አለች፤ ዝናቡ ከሥር ቦርቡሮታል።

መሐንዲሱ «አፈሩን እንኳ ለእኔ ተይው፣ አውቀዋለሁ» አለ።

«አፈሩ ግን አንተን አያውቅህም!» አልኩ። አፌ ነው። ሁሉም ሳቁ። እሱ ብቻ አልሳቀም። መንጋጋው ላይ የሆነች ጅማት ብቅ ጥልቅ አለች።

በኋላ በሬ ላይ፣ ቀስ ብሎ... «በሰው ፊት አትቀልጂብኝ።» ይቅርታ አልኩት። ለምኑ ነው ይቅርታ ያልኩት?

ጥቅምት 12

መታጠቢያ ቤቱን ቆልፌ ነው የምጽፈው። እየታጠብኩ ያለሁ እንዲመስለው ውሃውን ከፍቼዋለሁ።

ጠዋት ደህና ነበርን። ኧረ ከደህናም በላይ! ዛፎቹ ጫፋቸው አይታይም፤ ከየቅርንጫፉ ሽበት የመሰለ የዛፍ ጢም ተንጠልጥሎባቸዋል። ጉሬዛዎቹ ነጭ ካባቸውን እያወናጨፉ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ መምህርቷ እንደ ሕፃን አጨበጨቡ። አንድ ነገር አለመፍራቴን ራሴ ታዘብኩ።

ከዚያ ጉሙ ወረደ። መሐንዲሱ ክርኔን ያዘኝ። «ይሄን የከብት ቃጭል አውልቂው፣ አንገትሽ ላይ ያስጠላል።» ፊሽካዬን ወስዶ ኪሱ ከተተው። ሌሎቹ ቀድመውናል፤ ድምፃቸው ብቻ ነው የሚሰማው። የታችኛው መንገድ የተዘጋበትን ገመድ ተሻግሮ ወደ ታች ሳበኝ።

«ኧረ እንመለስ፣ ተዘግቷል አለች እኮ!»

«አፈሩ ያውቀኝ እንደሆነ እንይ።»

ያቺን ቀልድ እሱ አልረሳትም። አድሮባታል።

ትንሽ እንደወረድን መሬቱ ከእግሬ ሥር ሸሸ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገባሁ፤ የዛፍ ሥር ይዤ ተረፍኩ። ከታች ውሃ ያጓራል፣ አይታይም። በቃኝ፣ እመለሳለሁ አልኩት።

«ተመለሺ» አለና እጄን ለቀቀው። ትንሽ ተራመደ፣ ጉሙ ዋጠው።

ጠራሁት። መጀመሪያ እንደ ሰው ጠራሁት፤ ቀጥሎ ጮህኩ፤ ቀጥሎ... እንዴት እንደነበርኩ መጻፍ አልፈልግም። መልስ የለም። ከቅጠል ቅጠል ውሃ ይንጠባጠባል። ቀርከሃው ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ገደል ገባ አልኩ። ሞተ ብዬ አለቀስኩለት! ለእሱ!

ጉሙ ሳሳ ሲል አየሁት። ዛፍ ተደግፎ ቆሟል፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቅርብ። ሁለቱም እጆቹ ኪሱ ውስጥ። እያየኝ። እዚያው ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው ነበር። ምናለ ቢስቅ... አልሳቀም።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«እንዴት አድርገሽ እንደምትጠሪኝ ልሰማ ብዬ ነው» አለኝ። «አሁን ገባሽ?»

ከላይ የአስጎብኚዋ ፊሽካ ተሰማ። የእኔን ፊሽካ ከኪሱ አውጥቶ መለሰላት። እስከ ወገቧ ጭቃ ሆና ስትደርስ ያዘኝና እቅፍ አደረገኝ። «ጠፍታብኝ ነፍሴ ወጥታ ነበር!» ጆሮዬ ደረቱ ላይ ነበር። ልቡ ቀስ ብሎ፣ በእርጋታ ነው የሚመታው። እንደተኛ ሰው።

አስጎብኚዋ ፊሽካዎቹን አየች፤ አንዱ አንገቱ ላይ፣ የእኔው እጁ ላይ። ወደ እኔ ዞራ «ነገ ከእኔ ጎን ነሽ፣ እህቴ» አለችኝ።

ሳንቃውን እያንኳኳ ነው። ካልመለስኩለት ይመጣል። ወጥቼ አንኳኩቼለት ተመለስኩ።

ጥቅምት 13

ፏፏቴውን በላይኛው መንገድ ሄደን አየነው። ያን የሚያህል ውሃ ሲወድቅ መሬቱ ጫማ ሥር ይንቀጠቀጣል። የተነነው ውሃ ፊቴን አራሰው፤ ማልቀስ ተመቸኝ። አስጎብኚዋ ከአጠገቤ ንቅንቅ አላለችም። እንዴት የሚያምር ነገር ነበር... ከጀርባዬ ማን እንዳለ ግን አንድም ጊዜ አልረሳሁም።

ልንመለስ ስንል መምህርቷን ጠየቅኋቸው። «መኪናችሁ ውስጥ ቦታ አለ? የእሱ መኪና ያጥወለውለኛል።» ትክ ብለው አዩኝ። «አለ፣ ልጄ።»

እሱ ፈገግ አለ። «እንደፈለግሽ፣ የኔ ቆንጆ።»

መንገዱን ሙሉ ከኋላችን ነበር። ስንፈጥን ይፈጥናል፣ ስንቆም ይቆማል። ባልየው በመስታወት እያዩ «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» ይላሉ። ሚስትየው እጄን ይዘውኛል። ክሊኒክ ውስጥ እጅ የማውሰው እኔ ነበርኩ።

ጥቅምት 14

ለእናቴ ነገርኳት።

«መታሽ?»

«አልመታኝም።»

«ጠጥቶ ነበር?»

«አይጠጣም።»

«ታዲያ ምን አደረገሽ?»

ዛፍ ሥር ቆሞ አየኝ አልኳት። ሲነገር እንዴት ያንሳል! እናቴ ራሴን ደባበሰችኝ። ሙሽራ ሁሉ ይፈራል፣ እኔም አባትሽን ፈርቼው ነበር አለችኝ።

«አባዬ ተደብቆ አይቶሽ ያውቃል?»

ስለ ቬሎው እጅጌ ማውራት ጀመረች።

ጥቅምት 16

ስልኩን አላነሳሁም። ሲጠራ ዋለ። መጥራት ሲያቆም ደግሞ ባሰብኝ... አሁን የት ቆሞ ይሆን?

ጥቅምት 19

ክሊኒክ መጣ። አበባ ይዞ። እንግዳ መቀበያው ጢም ብሏል።

«ወጣ ብለን እናውራ።»

«እዚሁ።»

«በአንድ ቀልድ?»

«ቀልድ አልነበረም። አልሳቅህም።»

ድምፁን ከፍ አደረገ። «ምን አደረግኩሽ? እስቲ ለእነዚህ ሰዎች ንገሪያቸው!» ሁሉም አፈጠጡብኝ። ጉንጯ ያበጠ ሴትዮ በረዶዋን ይዛ አፏን ከፍታለች። ለእናቴ ያነሰው ነገር እዚህ ሊበቃ ነው? አበባውን አልተቀበልኩትም። እንደምንም...

«እፈራሃለሁ። የምፈራውን ሰው አላገባም።»

ያቺ ጅማት ብቅ አለች። አንድ እርምጃ ወደ እኔ... ዶክተሩ ጓንቱን እንዳጠለቀ ወጣ። «ቀጠሮ አለዎት?»

አበባውን ወለሉ ላይ ጥሎ ሄደ። ጉንጯ ያበጠው ሴትዮ ጠጋ ብላ አስቀመጠችኝና የሆነ ነገር አለችኝ። አፏ አብጦ አልገባኝም። «ጎሽ» ያለች መሰለኝ።

ጥቅምት 21

ለእናቴ ደወለላት። አጠገቧ ነበርኩ። «እማዬ፣ ናፈቅሽኝ» ብሎ ጀመረ፤ ማር ነው። እናቴ «ልጄ አልፈልግም ካለች አልፈልግም ነው» አለችው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ ፊቷን ግን አየሁት። ስልኩን ዘጋችና ደረቷ ላይ ያዘችው።

«አባትሽ ተደብቆ አይቶኝ አያውቅም» አለች።

ዛሬ እኔ አልጋ ላይ ትተኛለች። በሩን ቆልፋ ደግማ ስትሞክረው ሰማኋት።

ጥቅምት 24

የሠርግ አዳራሹን ለመሰረዝ ሄድን። ብቻዬን እሄዳለሁ ብዬ ነበር፤ እናቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ቀድማኝ ደረጃውን ወረደች።

ጸሐፊዋ ከኮምፒውተሯ ቀና አላለችም። «ምክንያቱ ምንድን ነው?»

«ሙሽራዋ አልፈልግም አለች።»

«እንደሱ ከሆነ ሙሽራዋ ራሷ መምጣት አለባት።»

«እኔ ነኝ።»

አሁን ቀና አለች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። የሚያዝንልኝን ሰው ፊት ለምጄዋለሁ። «እስቲ ተረጋግተሽ አስቢበት፣ እህቴ። ቤተሰብ ያውቃል?»

ከኋላዬ የእናቴ ድምፅ መጣ። «እናቷ ነኝ። አውቃለሁ። ሰርዢው።»

ስንወጣ ያካፋል። በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን ወዲህና ወዲያ አየሁ፤ የእሱ መኪና እንዳለ ብዬ። ፍርሃቱ ሰንብቷል፣ የሚለቀኝም አይመስለኝም። እናቴም ቆመች፤ ወዲህና ወዲያ አየች። ደግማ አየች። ከዚያ ክንዴን ይዛ «የለም፣ ነይ እንሻገር» አለችኝ። ተሻገርን።