ለኢንሱሊን ሮጠን ለለስላሳ ስለገዛነው ማቀዝቀዣ

ለተከበሩ አቶ ጀምበሬ፣
የሳጃና መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ካርቱም

አሰላሙ አለይኩም። በዚህ ሐሩር እርስዎም፣ ክቡር ሆድዎም፣ በውስጡ የሚንቆረቆረው ለስላሳም በደህና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ሉጥፊያ እባላለሁ፤ ካፉሪ ሰፈር በሰው ቤት የምሠራ፣ ባለፈው ወር ከማታ ትምህርት ቤት የተመረቅሁ፣ ጽሕፈቴም ከእርስዎ ፊርማ ይልቅ የሚነበብ ሴት ነኝ። ይህንንም የጻፍኩት ትእዛዝዎን ለማክበር ነው። የፋሪሃ እናት ናስራ የልጇን ኢንሱሊን ማቀዝቀዣው ውስጥ እንዲያስቀምጡላት ብትለምንዎ፣ መጻፍ እንደማትችል እያወቁ፣ ማመልከቻ በጽሑፍ ታምጣ ብለዋል። ያላ፣ ማመልከቻው ይኸው መጣ! እርስዎ ብቻ አንብበውት እንዳይቀር ሰግቼም በየካፌው ግድግዳ ለጥፌዋለሁ።

1ኛ/ ስለ ሩጫው አመሰግናለሁ። ስኳር ላለባቸው ልጆቻችን ማቀዝቀዣ ለመግዛት አሠሪዎቻችንን ለምነን፣ አስለግሰን፣ ዓርብ ጠዋት ከጀብራ እስከ ሳጃና ስንሮጥ፣ እርስዎ በመኪና ሆነው አይዟችሁ ብለውናል። በዓባያና በላስቲክ ጫማ ከሯጮቹ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከኋላዬ የነበሩት አሁንም በመምጣት ላይ ናቸው ይባላል። እኔ ከመድረሴ በፊት ግን እርስዎ መጨረሻው ጥግ ላይ ከመኪና ወርደው፣ ክሩን በሆድዎ በጥሰው ሜዳልያውን አጠለቁ። እግዜር ይስጥልኝ፤ አንገቴን ይከብደኝ ነበር።

2ኛ/ ማቀዝቀዣውን "ለጥንቃቄ" ብለው ቢሮዎ ውስጥ ስለቆለፉበት አመሰግናለሁ። በፀሐይ ባትሪ ስለሚሠራ፣ የመብራቱ ከህረባ ጠፍቶ ሰፈሩ ሁሉ ሲጨልም እንኳ እንግዶችዎ ቀዝቃዛ ለስላሳ አያጡም፤ አልሐምዱሊላህ። ናስራ ደግሞ የልጇን መድኃኒት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ከውኃ ጋኑ ሥር ትደብቃለች። የካርቱም ፀሐይ ግን እንደ እርስዎ ማመልከቻ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይገባል።

3ኛ/ ባለፈው ሳምንት ፋሪሃ ሙቀት ያበላሸው መድኃኒት ተወጋች። ስኳሯ ወጥቶ ራሷን ስታ ሐኪም ቤት ገባች። የስምንት ዓመት ልጅ ናት። እዚህ ላይ የምቀልደው አጣሁ። ሐኪሞቹ ሐሙስ እንለቃታለን ብለዋል፤ እሷ ማረፊያ አላት፣ መድኃኒቷ ግን የለውም።

4ኛ/ ቢሮዎ ዓርብ ዝግ ነው። እኛ ከመዳሞቻችን ቤት በቀን የምንወጣው ዓርብ ብቻ ነው። እንዲህ አድርጎ ቀን መምረጥ በማታ ትምህርት ቤት አልተማርነውም።

ስለዚህ በፊታችን ዓርብ፣ ኢንሻአላህ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሁለተኛው ሩጫ እንደሚካሄድ በታላቅ አክብሮት አሳውቃለሁ። መነሻው ጀብራ፣ መድረሻው የቢሮዎ በር፣ ሽልማቱም ማቀዝቀዣው ነው። ሲሸከሙ ወገባቸውን ያማቸዋል ብለው አይጨነቁልን፤ የመዳሞችን ቁም ሳጥን ከፎቅ ፎቅ ስናወጣ የኖርን ነን። ናስራ ቤት እናስገባዋለን፤ የእሷ በር ለሌሎቹ እናቶች ዓርብም ማታም አይዘጋም። ቁልፉን ይዘው ቢጠብቁን በሩ ሳይሰበር ለእርስዎ ይተርፍልዎታል።

ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከበርዎ ፊት የምቆመው፣ ሜዳልያ ያላየሁት አንደኛ፣ እጅግ አክባሪዎ፣
ሉጥፊያ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ለስላሳዎን እስከ ሐሙስ ማታ ያውጡ። ከጀብራ ድረስ ሮጦ የመጣ ሰው ይጠማዋልና ለማንም ዋስ አልሆንም። አንድም ጠርሙስ የማትነካብዎ ፋሪሃ ብቻ ናት፤ ለእሷ ስኳር ክልክል ነው።