ቅጹ ላይ ያለው ስሜ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 2፡40

ዛሬም ወንበር የለኝም። የኬብል ጥቅል ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ። አለቃዬ አቶ ብርሃኑ ገባ፤ ሲያየኝ ፊቱ ጠቆረ። "አንቺ ልጅ፣ ዛሬም መጣሽ?" ደመወዝሽ ቤትሽ ድረስ ይመጣልሻል፣ ምን አንገላታሽ አለኝ። ሥራ ይስጡኝ ስለው ሳቀ። ጨረታ ለመግባት አንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ በወረቀት ታስፈልገዋለች። ቴምፖራሪ ዲግሪዬ፣ ስቱደንት ኮፒዬ፣ ጉርድ ፎቶዬ የጨረታው ፎልደር ውስጥ ናቸው። እኔ ትርፍ ነኝ።

ዩኒቨርሲቲ ስትሪም ስንመርጥ፣ ዶርም ውስጥ ፓወር ይሻላል፣ ኮሙኒኬሽን፣ ኮንትሮል፣ ኮምፒውተር ይሻላል እያልን ስንነታረክ ከረምን። ፎልደር የሚባል አምስተኛ ስትሪም እንዳለ የነገረን የለም። አስጠላኝ። ነገም እመጣለሁ ግን።

እሑድ፣ ኅዳር 14

አባባ ቸርች ምስክርነት ሰጠ። ኮቱን ቆልፎ ተነሳ፤ ልጄ በተማረችበት ሙያ ተቀጠረች ብሎ ጌታን አመሰገነ። ጉባኤው እልል አለ። አንገቴን ደፋሁ፤ ትሕትና መሰላቸው። ሲወጡ ኢንጂነር፣ ኢንጂነር እያሉ ጨበጡኝ። ጎረቤታችን ወ/ሮ አስቴር፣ ቴሌቪዥኔ ድምፅ እንጂ ምስል የለውም፣ ብቅ ብለሽ እዪልኝ አሉኝ። እስካሁን የቀረበልኝ የሙያ ሥራ እሱ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ማታ 12፡00

ሳይፈቀድልኝ የድርጅቱ ፒካፕ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ከድር ቦታ ለቀቁልኝ። ሃያ ዓመት ሽቦ የዘረጉ፣ አንድም የሙያ ወረቀት የሌላቸው ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ከጎበሳ ከተማ ወዲያ ያለ ጤና ኬላ ሄድን፣ ለክትባት ፍሪጅ ሶላር ልንተክል። ፓኔሉን ያሰርኩት እኔ ነኝ። እጄ ተላጠ። ደስ አለኝ፣ በጣም።

ከዚያ ባትሪዎቹ። ስቲከሩ አዲስ። ጠርዙን በጥፍሬ ስልጠው ከሥሩ ሌላ፣ ቀኑ የተፋቀ አሮጌ ስቲከር። መልቲሜትር አስጠጋሁ። ያለ ጭነት 12.6 ቮልት። ፍሪጁ ሲነሳ 9.8። ያረጀ ባትሪ ነው፤ አንድ ደመናማ ቀን ከመጣ ፍሪጁ ይጠፋል። ክትባቱ ይሞታል፤ ማንም ሳያውቅ ሕፃን ይወጋል። ነርሷ አጠገባችን ቆማ፣ ከእንግዲህ በረዶ ተሸክሜ ጎበሳ መመላለስ ቀረልኝ ትላለች፣ እየሳቀች። 

ጋሽ ከድርን ወደ ጎን ወሰድኳቸው። ያውቃሉ። "ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ እኔን ማን ይጠይቀኛል? ፈራሚ አይደለሁ።" ታዲያ ፈራሚው ማነው አልኳቸው። አዩኝ፣ አዩኝና፣ "ኤዲያ! አንቺን ለምን የቀጠሩሽ መሰለሽ?" መሐንዲስ የሚፈርምበትን የርክክብ ቅጽ ከፒካፑ ኪስ አወጡ። ስሜ በታይፕ ተጽፏል። ከጎኑ ባዶ መስመር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

አቶ ብርሃኑ ባትሪ ባትሪ ነው ይላል። ፈርሚና ሁለት ዓመት ጠብቂ፤ አሪፍ የሥራ ልምድ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። የምፈልገው እኮ እሱን ነው! 0 ዓመት ልምድ የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ አውቃለሁ። ለአንድ ደቂቃ ጎመጀሁ። ራሴን ተጸየፍኩ። አልፈርምም አልኩት። አልተቆጣም፣ የባሰው ይሄ ነው። ፈገግ ብሎ፣ "ፊርማሽ እንደሆነ ቀላል ናት። ባትኖሪም ትፈረማለች።" 

ለአባባ ነገርኩት።  ቸርች የመሰከረውን እያሰበ መሰለኝ። ከዚያ ጎበሳ ላለው የወረዳው ጤና ጽ/ቤት ደብዳቤ ጻፊ አለኝ። ጻፍኩ። ጡረታ የወጣ መምህር አይደል፣ በቀይ እስክሪብቶ አረመው። "ይመስለኛል" የምትለዋን ሰረዘ። ከለካሽው አይመስልሽም አለኝ።

አርብ፣ ኅዳር 19። ጠዋት 4፡15፣ መናኸሪያ

ሥራ ለቀቅኩ። ማመልከቻዬን አቶ ብርሃኑ ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ወጣሁ። ጋሽ ከድር በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የባትሪዎቹን ሲሪያል ቁጥር የጻፉበትን የአምፖል ካርቶን ቁራጭ እጄ ላይ አደረጉልኝ። እሱንም ደብዳቤው ላይ ጨምሬዋለሁ።

አቶ ብርሃኑ አራት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም።  የጎበሳው ሚኒባስ ለመሙላት ሁለት ሰው ቀርቶታል። ደብዳቤው ገና አልተፈረመም። ጽ/ቤቱ ገብቼ፣ ኃላፊው እያየ እፈርመዋለሁ፤ የኔ ፊርማ የትኛው እንደሆነ እንዲያውቁት።