በወር ወይስ በቢያጆ

ይድረስ በድሬዳዋ ለምትኖሪው ታላቅ እህቴ ለዙቤይዳ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምሽ? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ጋሽ ሸኩርስ ደህና ናቸው? የባቡሩ ሥራ እንዴት ይዟቸዋል? እናታችንስ የድሬ ሙቀት ተስማማት ወይስ ዛሬም የጅማን ዝናብ እያነሳች ታማርራለች? «ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ» ብሎ መጀመር ወግ ነበር፤ አንቺን ግን ገና በመጀመሪያው መስመር መዋሸት ከበደኝ። ደህና አይደለሁም። በአካል እኔም ፈድሊያም ጤነኞች ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ሆዷም ገፍቷል፤ አዋላጇ ለመጋቢት ብላታለች። የከፋብኝ ሌላ ነገር ነው።

ደብዳቤውን በፖስታ ቤት ያልላክሁት እንደ ልቤ ልጽፍልሽ ብዬ ነው። የሚያደርስልሽ ዓለምብርሃን የሙያ ጓደኛዬ ነው፤ እስከ ድሬ ጭነት አግኝቷል። እሱን ምሳ አብይልኝ፤ ወረቀቱን ግን አንብበሽ ስትጨርሺ ለእሳት ስጪው።

የድሮው አሠሪዬ መኪናውን ሸጦ አገሩ ከገባ ወዲህ መሪ ሳልጨብጥ መክረሜን ታውቂያለሽ። ባለፈው ወር ግን ሥራ ጠፍቶ ጠፍቶ ሁለቱ ባንዴ መጣ። አንዱ የመንግሥት የጭነት ድርጅት ነው። ደመወዙ በወር ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት ብር፣ ከከተማ ሲወጣ አበል ይታሰባል፣ ጡረታም አለው። መኪና ቢሰበር፣ ክረምት መንገድ ቢዘጋ ወር ሲሞላ ደመወዙ አይቀርም። ሁለተኛው ጅሬን የሚኖሩት ሐጂ ቲጃኒ ናቸው። አንዲት ፊያት አለቻቸው፤ ከአጋሮና ከሊሙ ቡና ጭና አዲስ አበባ ታደርሳለች። የእሳቸው ክፍያ በቢያጆ ነው፤ ሾፌር አዲስ አበባ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ሰማንያ ብር ይቆጥሩለታል። ደመወዝ የለ፣ አበል የለ፣ መኪናዋ ከቆመች የሾፌሩም ጉሮሮ ይቆማል።

እኔና ፈድሊያ ፍራሽ ላይ ተቀምጠን ስንደምር ስንቀንስ ሰነበትን። በቡና ወራት የሐጂ ይበልጣል። ከሰኔ በኋላ ግን የሊሙ መንገድ ጭቃ ነው፤ ያኔ ጾማችንን ነን። ዓመቱን ጠቅልለን ስናየው የመንግሥቱ ይሻላል። ፈድሊያም የሚወለደው ልጅ ክረምት ነው ብሎ ወተት አይተውም አለችኝ። እውነቷን ነበር። እኔን ያስፈራኝ ግን ብሩ አይደለም። ድርጅቱ ዘንድ የፈረመ ሾፌር «ወደ ሰሜን» ሲባል ጦርነት ነው ብሎ እንቢ አይልም። እዚህ ጊንጆ ጎረቤታችን የነበረው አሊ በግንቦት እህል ጭኖ እንደወጣ ወሬው የለም። ሚስቱ በየወሩ ሄዳ ደመወዙን ትቀበላለች፤ ስለ እሱ ስትጠይቅ ግን መልስ የሚሰጣት የለም። እሷን ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ።

ስለዚህ ወደ ሐጂ አዘነበልሁ። አማቴ አባ ቦራ የሐጂ ወዳጅ ናቸውና ራሳቸው ይዘውኝ ሄዱ። ጫት ቀረበ፣ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ጎማ ቢፈነዳ በማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። እርጥብ ቡና ተጭኖ መንገድ ላይ ደርቆ ቢጎድል በማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉንም በደግ መለሱልኝ። የመኪናዋ ሾፌር ልጃቸው ኢስሃቅ ነበር፤ እሱ ለምን ወረደ ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ሰው ቤት ተቀምጦ፣ ጫቱን እየቃሙ፣ ልጅህን ለምን አወረድኸው እንዴት ይባላል? ነውር መሰለኝ። ከዚያ እጅ ተዘረጋ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ፋቲሐ ተቀራ። አገራችንን ታውቂዋለሽ፤ ማኅተም የተመታበት ውል ይፈርሳል፣ ፋቲሐ የተቀራበት ቃል ግን አይፈርስም።

በማግስቱ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወርጄ ከጫኞቹ ሰማሁ። የግል መኪናዎችም እህል ወደ ሰሜን ለሚያደርሰው ዘመቻ ተመዝግበው ኖሯል፤ አሁን ተራው የሐጂ ፊያት ነው። የምትሄደውም ከነሾፌሯ ነው። ኢስሃቅን ያወረዱት ለዚህ ነው። ከሰሜን ሸሽቼ ሰሜን የምትሄድ መኪና ላይ ወጣሁ፤ ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው።

ሐጂ ቤት ተመልሼ ጠየቅኋቸው። አልካዱኝም። ያለኝ አንድ ልጅ ነው ብለው አለቀሱ፤ እኔስ ለእናቴ ስንት ነኝ ልላቸው ነበር፣ ሽበታቸውን አይቼ ተውሁት። የዚህ ጉዞ ክፍያስ እንዴት ነው ብላቸው፣ መንግሥት ለእኔም የሚሰጠኝ ነዳጅ ብቻ ነው፣ ቡና ላልጫነች መኪና ምን ቢያጆ አለ አሉኝ። ድርጅቱም ዘንድ ሮጥሁ፤ ቦታው ተይዟል። አማቴን ቃሉን እናፍርሰው ብዬ ለመንኋቸው። «ማል ጎና? ምን እናድርግ? በሽማግሌ ፊት የዘረጋሁትን እጅ እንዴት ልጠፈው?» ብለው አቀረቀሩ። ፈድሊያ ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቷን አታናግርም።

አየሽ እህቴ፣ የአሊ ሚስት ባሏን ብታጣ ደመወዙ አላት። ፈድሊያ ግን ሁለቱንም ነው የምታጣው፤ እኔንም ገንዘቡንም። ያን ሁሉ ቀን ስደምር የደመርሁት የሚመለስ ሰው ሒሳብ ነበር። ባይመለስስ ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሁም። አሁን ሌላ ሐሳብ የለኝም፤ ሰው ሲስቅ ያናድደኛል።

የምንወጣው ከነገ ወዲያ ነው። ፈድሊያን አራስነቷን አንቺ ዘንድ ታድርግ። ዓለምብርሃን በሚቀጥለው ጉዞው ያመጣልሻል። እንቢ ብትል በግድም ቢሆን፤ ሸክም አበዛሁብሽ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።

ጋሽ ሸኩርን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ፤ ዱዓቸው አይለየኝ። ልጅሽን ሀዋን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ትንሹንም እንደዚያው። ፈድሊያ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች። ለእናታችን ግን ይህን አታንብቢላት። ልጄ የወር ደመወዝ ሲበላ ሳላይ አልሙት እያለች ስትጸልይ ኖራለች። ከሊል መንግሥት ቤት ገባ፣ ደመወዙም ደህና ነው በያት። ወር ሲሞላም ከየትም ብለሽ ጥቂት ነገር በእጇ አድርጊላት፤ ከሊል ላከልሽ በያት።

ወንድምሽ ከሊል
ጅማ፣ ጥር ፲፱ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.